ለካፌ የሚሆን የሳክስፎን አልበም ጥቆማ፦ ከይፋቱ ጌታቸው እስከ ኬኒ ጂ

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጠባሴ አካባቢ አነስተኛ ካፌ ከፍቻለሁ። ድምፃዊ ያለበት ዘፈን ስከፍት የደንበኞቼ ጨዋታ ይቋረጣል፤ ስዘጋው ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። ሳክስፎን ይሻላል ብለውኛል። ሰው የሚያውቃቸው ዜማዎችና የተጫዋቹ የራሱ ድርሰቶች የተቀላቀሉበት አልበም የምታውቁ ጠቁሙኝ። ከየት እንደሚገኝም ንገሩኝ፤ ፍላሽ ላይ ሙዚቃ የሚጭኑት ቤቶች ይታመናሉ?

መላሽ፣ ከደብረ ሲና፦

እንኳን ደስ ያለዎት፤ ገበያው የቀና ይሁን። ስም ከመዘርዘሬ በፊት መለኪያዬን ልንገርዎት። የታወቀ ዘፈን በሳክስፎን ሲጫወቱ አንዳንዶቹ ዜማውን ይደግሙታል፣ ሌሎቹ ግጥሙን ይናገሩታል። ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አምባሰል ሲከፈት ጥግ ይዘው የተቀመጡት አባት ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ፣ መሣሪያው ግጥሙን እየተናገረ ነው። ማንም ካልተንቀሳቀሰ አልበሙን ባንኮች በስልክ ጠብቁ ሲሉን ለሚያሰሙን ሙዚቃ ይተዉላቸው። የራሱ ድርሰት ሲመጣ ደግሞ የሚረዳው የታወቀ ግጥም የለም፤ የተጫዋቹ አቅም የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

በዚህ መለኪያ የሚቀድመው የእኛው የይፋት ልጅ ጌታቸው መኩሪያ ነው። የተወለደው በ1935 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ክራርና መሰንቆ ሲጫወት አድጎ ወደ ሳክስፎንና ክላሪኔት ተሻገረ፤ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አልፎ፣ በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ መሣሪያውን አላስቀመጠም። ትልቁ ሥራው ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን (ወፈር ያለ ድምፅ ወዳለው የሳክስፎን ዓይነት) ማምጣቱ ነው። ሽለላ በሰው ጉሮሮ የሚነገር ዛቻና ውዳሴ መሆኑን ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጌታቸው አንዷን ድምፅ ረዥም ትንፋሽ ሰጥቶ ያንቀጠቅጣታል፣ እዚያው ላይ ያቆያታል፣ ከዚያ ቃል እንደሚያጣድፍ ሰው ወደታች ይወርድባታል። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ የሚጫወትበትም ጊዜ ነበር። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች አጨዋወቱን ከነፃ ጃዝ (በቋሚ ዜማና ምት ካልታሰረ የጃዝ አጨዋወት) ጋር ያመሳስሉታል፤ እኔ ግን የሚሰማኝ የአገሬ ፎካሪ ነው።

የሚፈልጉት አልበም በ1972 በሸክላ አሳታሚው ፊሊፕስ ታትሞ፣ በ2003 ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና የወጣው ነው። አንቺ ሆዬና አምባሰል አሉበት፤ አካሌ ውቤም አለበት። እነዚህ ከረፋድ ጀምሮ ይሆናሉ። ሽለላ የሚለውን ግን ለምሽት ያቆዩት፤ ጠዋት ላይ ከከፈቱት ሲኒ ወደ አፍ የሚሄድ እጅ መንገድ ላይ ይቆማል። ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር በ2006 ያወጣው ሞዓ አንበሳ ለካፌ አይሆንም፤ ጊታሩ ይጮኻል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ለሚነዳ ሾፌር ግን ከዚያ የተሻለ አላውቅም።

ለቀን ሥራ የበለጠ የሚመቸው ቴዎድሮስ ምትኩ ነው። የሶል ኤኮስ ባንድ ሳክስፎኒስት ነበር፤ የታወቁ የአማርኛ ዘፈኖችን በሳክስፎን ተጫውቶ ብዙ ሰው ጋር የደረሰ ሰው ነው። ጌታቸው የሚፎክረውን እሱ ያንጎራጉረዋል። ደንበኛ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ያዳምጠዋል፤ እርስዎም የጠየቁት ይህንኑ ይመስለኛል። የራሳችን ድርሰት ለሚሉት ክፍል ደግሞ በሙላቱ አስታጥቄ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅጂዎች ላይ ፈቃዱ አምደ መስቀል የነፋውን ቴነር ይጨምሩ። አልበሞቹ የሳክስፎኒስት አይደሉም፤ ግን ሳክስፎኑ ልብ ይነካል።

ከውጭ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል አሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎኒስት ሶኒ ሮሊንስ በ1956 የቀዳው ሳክስፎን ኮሎሰስ ነው። አምስት ሥራዎች አሉት፤ ሁለቱ የሌሎች ዜማዎች ሲሆኑ ሦስቱ በራሱ ስም የተመዘገቡ ናቸው። ሴንት ቶማስ የሚለው ከካሪቢያን የሕዝብ ዜማ የተነሣ ሲሆን የሚያስጨፍር ነው፤ ሞሪታት ደግሞ በ1928 ከወጣ የጀርመን የሙዚቃ ተውኔት የመጣ ነው። ግጥሙን ከእኛ ማንም አያውቀውም፤ ቢሆንም ሮሊንስ አንዲቱን አጭር ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ሲያገላብጣት ወሬ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ጆን ኮልትሬን በ1961 ያወጣው ማይ ፌቨሪት ቲንግስ የጠየቁትን አያሟላም፤ አራቱም ሥራዎች የሌሎች ናቸው፣ የመጀመሪያው ብቻውን ከ13 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ችክችካ የለመደ ጆሮ ባለ ሦስት ምቱን በቀላሉ ይቀበለዋል፤ ግን ቤትዎ ሆነው ያዳምጡት።

አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ኬኒ ጂስ? ሆቴሉም ሠርጉም እሱን ጠግቧል። በ1992 ያወጣው ብሬዝለስ ንጹሕ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። በ1999 የድሮ የጃዝ ዜማዎችን የተጫወተበት አልበም ግን የድሮዎቹን ሸካራነት ልጦ ያወጣባቸዋል። የራሱ ድርሰቶች ይሻሉታል።

ስለ ፍላሽ ቤቶች፦ ርካሽ ናቸው፣ ግን እዚያው ሳይሰሙ ገንዘብ አይክፈሉ። አንዱ ቤት ጌታቸው ብሎ የጫነልኝ ውስጥ ግማሹ ኪቦርድ የሳክስፎን ድምፅ አስመስሎ የሚጫወትበት ነበር። መለያው ቀላል ነው፤ በሐረግና በሐረግ መካከል ሰው አየር ይስባል፣ ኪቦርድ አይተነፍስም። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ባለ 128 ኪሎቢት (ጥራቱ ዝቅ ያለ) ከሆነ ከፍ ያለው የሳክስፎን ድምፅ ይሻክራል፤ 320 ይጠይቁ። የተሻለው ውጭ ዘመድ ካለዎት ኦርጅናሉን ከኢንተርኔት ማስገዛት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሙዚቃን ለሕዝብ ማሰማትን የባለመብቱ መብት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ፍላሽ ጫኞቹ ይህን አይነግሩዎትም።

ድምፅ ማጉያውም ይታሰብበት። አንድ ትልቅ ማጉያ በር ላይ ከማቆም ሁለት ትንንሽ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ማድረግ ይሻላል፤ ቤዙንም ይቀንሱ፣ ሳክስፎንን የሚያፍነው እሱ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ በሩ ተዘግቶ ስለሚውል ድምፁ ከባዶ ግድግዳና ከመስታወት ላይ እየነጠረ ያስተጋባል። አንድ የመንዝ ባና ግድግዳው ላይ ቢሰቅሉ ያስተጋባውን ይውጥልዎታል።

ከሸዋ ሮቢት፦

በኬኒ ጂ ላይ የጨከንክ መሰለኝ ወንድሜ። እኛ ቆላ ነን፤ በቀትር ሙቀት ፉከራ የሚፈልግ የለም፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው የሚያስቀምጠን። ታናሽ እህቴን ስንድርም እንግዳው ያለ ምንም ጭቅጭቅ ሲሰማው አመሸ። ይልቅስ ቅዳሜ ምሽት ሳክስፎኒስት በአካል ማስመጣት አይሻልም? ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማታውኑ ይመለሳል።

መላሽ፣ ከደብረ ሲና፦

ለሠርግ እስማማለሁ፤ እዚያ ሰው ለመብላትና ለመጨፈር እንጂ ለማዳመጥ አልመጣም። በአካል ማስመጣቱ ግን ለአዲስ ካፌ ወጪው ይከብዳል፤ ለበዓል ዋዜማ ካልሆነ አልመክርም። የሚያስመጡ ከሆነ ብዙዎቹ ሙሉ ባንዱ የተቀዳበት ማጀቢያ ከፍተው በላዩ ላይ እንደሚነፉ ይወቁ። ይህ ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን የአንድ ሰው መሆን አለበት። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት በስልክም ቢሆን ያለ ማጀቢያ አንቺ ሆዬን ጥቂት እንዲነፋልዎ ይጠይቁት፣ ቀጥሎም የራሱን አንድ ሥራ። ሁለተኛውን ሲጠየቅ «የራሴ የለኝም» ካለ ለሁለት ሰዓት ርዝመት ዝግጅት የሚበቃ ነገር ስለማይኖረው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይዋዋሉት።