ቴሌ ስንቴ ነው ስሙን የቀየረው?

የጉለሌው፦
ሰላም ቤቶች፣ የአያቴን ሻንጣ ስናገላብጥ የቅጥር ደብዳቤያቸው ወጣ፣ ላዩ ላይ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ይላል። ቤት ውስጥ ግን ሁሌ "ቴሌ ነበር የሚሠሩት" ነው የሚባለው። ይሄ ቦርድ ያው ኢትዮ ቴሌኮም ነው ወይስ ሌላ መስሪያ ቤት? ታናሼ ደሞ ባለፈው አክሲዮን ገዝቶ "የአያቴን መስሪያ ቤት ገዛሁት" እያለ አላስቀመጠንም።

ሰባራ ባቡር፦
ያው ራሱ ነው ባክህ። ስልክ የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው፣ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቶ፣ በኋላም ከፖስታው ጋር አንድ ሚኒስቴር ስር ነበር፣ ለብቻው የወጣው 1945 ላይ ቦርዱ ሲቋቋም ነው። ደርግ ባለሥልጣን አለው፣ 1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፣ ኅዳር 2003 ላይ ደሞ ፍራንስ ቴሌኮም ሊያስተዳድር መጥቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። አያትህ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሁለት መስሪያ ቤት ሠርተው ይሆናል ሃሃ

እቴሜቴ፦
እኛ ቤት ጥቁሩ ስልክ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚቀመጠው፣ ማዞሪያው ላይ ደሞ ትንሽዬ ቁልፍ፣ መክፈቻዋ እማዬ መቀነት ውስጥ። እኛ ምን በወጣን፣ እጀታው የሚያርፍበትን ቶሎ ቶሎ እየመታን እንደውላለን፣ ለ4 አራቴ ለ9 ዘጠኜ። ወር ሲሞላ ቢሉ ሲመጣ ማን ይናገር። ከዛ 1991 ሞባይል መጣ፣ እስካሁን 0911 ያለው ሰው ቁጥሩን ሲነግርህ ድምፁ ይለወጣል።

ዶሮ ማነቂያ፦
ወንድምህን አረጋጋው። በ2017 ለሽያጭ የቀረበው 10 በመቶ ብቻ ነበር፣ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ማለት ነው፣ እሱም በቴሌብር። ባለቤቱ አሁንም መንግስት ነው። ለኔ ከስም ለውጡ ሁሉ ይልቅ ያነቃው ሳፋሪኮም መግባቱ ነው።

ሰባራ ባቡር፦
@ዶሮ ማነቂያ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ትልቁ የታሪፍ ቅናሽ እኮ ነሐሴ 2010 ነው፣ ሳፋሪኮም ስራ የጀመረው 2015 ላይ።

ዶሮ ማነቂያ፦
ሊመጣ መሆኑን ሰምተው ነዋ!

የጉለሌው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሴት አያቴን ጠየቅኳት፣ ጡረታ የወጡት "ባለሥልጣን" በተባለ ጊዜ ነው አለችኝ፣ ሰባራ ባቡር አገኘሃት። የእቴሜቴንም ሳነብላት ሳቀች፣ ስልኩ ነው እንጂ የሄደው ዳንቴሉ አለ፣ አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።