ብሎኬት የማያነሳ ግንበኛ ምን ይሥራ?

ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። 11 ዓመት በግንበኝነት ኖሬያለሁ። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ደሴ ሄጄ ስታይ «ዲስክ ነው፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» ተባልኩ። ለግንበኛ!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያስከፍላል። እኔ ግን ያለ ወረቀት፣ በቀን ሂሳብ ነበር የምሠራው። አሠሪዬን ስጠይቀው «አላህ ያሽርህ» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው።

ቀለል ያለ ሥራ ስፈልግ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ አምጣ ይሉኛል። አባቴ ሲሞት ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፕላን አነባለሁ፣ በሒሳብም አልታማም። ወረቀቱ ነው የሌለኝ። አሁን ቤቱን የያዘችው ባለቤቴ ናት፤ ቡና እያፈላች።

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። በልምዴ ብቻ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መፈተን እችላለሁ? ወይስ መጀመሪያ ቴክኒክና ሙያ ልግባ? የማታ ትምህርትም አስቤ ነበር፣ ግን ብዙ መቀመጥም ያመኛል። የጤና መድን ደብተር አለኝ፤ ፊዚዮቴራፒ በሱ የታከመ ሰው ካለ የት እንደሆነ ይንገረኝ። ያለ ውል ሠርቶ የሕመም ክፍያ ያገኘ ካለም፣ በምን አስመሰከራችሁ?