አካባቢ ሳይንስ፦ በአንድ ወይስ ለየብቻ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በአንደኛ ደረጃ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊና ኅብረተሰብ ተዋሕደው እንደ አንድ ትምህርት ይሰጡ ወይስ ይለያዩ?

የ3ኛ ክፍል መምህርት፦ ይዋሐዱ ባይ ነኝ። ዝናብ ካባራ በኋላ ሲሚንቶ ላይ ያቆረውን ውሃ ልጆቹ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመሩት። በየሰዓቱ እየወጣን ስናየው ጠበበ። «መሬት ጠጣው» አሉ ብዙዎቹ። አንዷ ግን «ሲሚንቶ እንዴት ይጠጣል?» ብላ ሞገተቻቸው። ከዚያ ትነት መጣ፣ ደመና መጣ፣ የምንጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚያጣው ሳይቀር አነሳን። ለሦስት ክፍለ ጊዜ ተቆራርጦ ቢሆን ጥያቄው ከደወሉ ጋር ይቀር ነበር።

ወላጅ፦ የልጄ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይደለም። ዛፍ አትቁረጡ፣ ውሃ አታባክኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለምን የሚለው ግን የለበትም።

የባዮሎጂ መምህር፦ የእኔም ስጋት ይኸው ነው። 9ኛ ክፍል ደርሰው «ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቫን ሄልሞንት የተባለ ሳይንቲስት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። እሱ ራሱ «ከውሃው ነው» ብሎ ደመደመ። የእንጨቱ ካርቦን ከአየር እንደሚመጣ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ሥር የሰደደን ስሕተት፣ አንድ ገጽ ስለ ተክል፣ ቀጣዩ ስለ ቤተሰብ፣ ሌላው ስለ መንገድ ማቋረጥ የሚል መጽሐፍ አይነቅለውም።

የ3ኛ ክፍል መምህርት፦ ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው፤ የማዋሐዱ አይደለም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ባዮሎጂን፣ ጂኦግራፊን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ጤናን እስከ 6ኛ ክፍል በአንድ ታስተምራለች።

የባዮሎጂ መምህር፦ ታሪክንና ኅብረተሰብን ግን አልጨመረችበትም። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳይንስንና ኅብረተሰብን ያዋሐደችው ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከ3ኛ ጀምሮ ይለያያሉ። አልቃወምዎትም እህቴ፤ የት ላይ እንደሚቆም ግን ይነገረን። ሁሉን አስተምር የተባለው መምህርስ ሁሉን የተማረው የት ነው?

የ3ኛ ክፍል መምህርት፦ ይህን እቀበላለሁ። የዛፉን ነገር እኔም በሥልጠና አላገኘሁትም፤ አሁን ከእርስዎ ሰማሁ። ለክፍሌ ልወስደው እፈልጋለሁ። ግን የስምንት ዓመት ልጅ አየር ክብደት እንዳለው ሳያምን፣ እንጨት ከአየር ይሠራል ቢሉት እንዴት ይቀበላል?

የባዮሎጂ መምህር፦ ሁለት ፊኛ ጥብቅ አድርገው ይንፉ። በቀጭን በትር ጫፍና ጫፍ ያንጠልጥሉና በትሩን መሐሉ ላይ በክር ይያዙት። ሚዛኑን ሲጠብቅ አንዱን ፊኛ አፉ አጠገብ ቀስ ብለው ይብሱት፣ እንዳይፈነዳ። በትሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን አስቀድመው አይንገሯቸው።