«ሬሳ ማጠብ ነው» ብሎን አረፈ

ባለ ዲኤክስ (ፒያሳ)፦
ትናንት ጠዋት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየወረድኩ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። አንድ የመኪና አዋቂ ነኝ ባይ «ሰላሳ ዓመት ያለፈውን መኪና ሞተር ማሳደስ ሬሳ ማጠብ ነው፤ አውጥታችሁ ጣሉና ሌላ ግጠሙ» ብሎ አረፈ። ጠያቂውም ሳቀ። የእኔ ዲኤክስ ቶዮታ ኮሮላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የተሠራች፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት። ሞተሯ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ ነው። እውነት ነው፣ ሰማያዊ ጢስ ጀምራታል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑም ግማሽ ሊትር ዘይት ትጠይቃለች። ግን ሬሳ ዘይት ሲጠይቅ ያየ ማን ነው? ሞተሯን ላውርድና ላሳድስ ወይስ ሌላ ላስገጥም?

የካዛንቺሱ፦
አነጋገሩ ባያምርም ሰውየው እውነቱን ነው። እኔ አምና ለኮሮላዬ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ 2ኢ ሞተር ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ። ጠዋት ገባ፣ ማታ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቴ ግን «ኦሪጅናሌን አልለቅም» ብሎ ሞተሩን አስወረደና ሁለት ወር በታክሲ ተመላለሰ። ዛሬ ፒስተን የለም፣ ነገ ሲሊንደር የሚቆርጠው ቶርኖ ቤት መብራት ጠፍቶበታል፣ ከነገ ወዲያ መካኒኩ ለቅሶ ሄዷል። እኔ ሞተሬን አስነስቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የገዛሁት። እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው።

የቶርኖ ልጅ፦
በጆሮህ! ወንድሜ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ በባትሪና በአንድ ጀሪካን ቤንዚን የተነሳ ሞተር ሁሉ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ወፍራም ዘይት ይሞሉበትና አምስት ደቂቃ ያስነሱልሃል፤ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ያለቀለት እንኳ ድምፁን ይሰበስባል። ጭነት የለበትም፣ ገና አልሞቀም፣ ዳገት አላየም። በጆሮህ የሰማኸው ዘይቱን ነው።

የካዛንቺሱ፦
አንተማ የእንጀራህ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ ሞተር ከቀየረ ሲሊንደር የምትቆርጠው የማንን ነው?

የቶርኖ ልጅ፦
እንጀራዬ ነው፣ አላፍርበትም። በአዲስ ፒስተን ልክ 0.50 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌ የቆረጥኩትን ሲሊንደር በማይክሮሜትር ለክቼ ነው የማስረክበው። ያንተ ሻጭ ግን የሰጠህ ምንድን ነው? ድምፅ።

ባለ ላዳ፦
ከጆሮ በፊት ስለ ወረቀት የሚያነሳ ጠፋ? እኔም እንደ የካዛንቺሱ ሰው ቸኩዬ ነበር። ሞተሩ ደህና ነው፣ አልዋሽም። ግን ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው አልገናኝ አለ። ሻጩ የሰጠኝ የጉምሩክ ወረቀት ደግሞ የሌላ ሞተር ሆኖ ተገኘ። ቦሎ ለመለጠፍ ሄጄ ስመለስ፣ ስሄድ ስመለስ፣ ክረምቱ አለፈ። ሻጩን ስፈልገው ሱቁ ሌላ ሰው ተከራይቶት ሻይ ይሸጥበታል።

ወይዘሮ ቮልስ፦
እናንተ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ይዛችሁ ስትጨነቁ ይገርመኛል። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን የተያዘ ነው። ራዲያተር የለው፣ ቴርሞስታት ነቅሎ የሚጥል መካኒክ አያሠጋው። የእኔን ሦስት ጊዜ አስወርጄዋለሁ፤ እስካሁን በልደታ ዳገት ያልፋል።

የካዛንቺሱ፦
እትዬ፣ ያልፋል ግን እኛ ከኋላው ተሰልፈን እየጠበቅን ነው።

ወይዘሮ ቮልስ፦
ልጄ፣ አንተን የሚያስቸኩልህ ምንድን ነው? ካዛንቺስ እንደሆነ ፈርሷል፤ አንተ ግን አሁንም «የካዛንቺሱ» ነህ።

የካዛንቺሱ፦
ስሙን እንኳ ተዉልኝ እንጂ እትዬ። ባለ ዲኤክስስ «ፒያሳ» ብሎ የጻፈው የቱን ፒያሳ ነው?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ልጆች፣ በሽታው ሳይታወቅ ስለ ቀብር ትከራከራላችሁ። ባለ ዲኤክስ፣ ጢሱ መቼ ነው የሚታይህ? ከማዘጋጃ ቤት ወደ ፖስታ ቤት ቤንዚን ሳትረግጥ ወርደህ፣ ታች ደርሰህ ስትረግጥ አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይት የሚያሳልፈው የቫልቭ ጎማው ነው። ዳገት ስትወጣ ሳያቋርጥ የሚከተልህ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን አስወጥተህ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት አስለካ። ዝቅ ያለው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በላዩ ክዳን መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።
አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር የሚለው ግፊት እዚህ 9 ገደማ ቢያሳይ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ስንት ደህና ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት «ሞቷል» ተብሎ እንደወረደ እኔ ነኝ የማውቀው። ማየት ያለብህ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

የካዛንቺሱ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሁሉም ሰው ጆሮዬን ይዞ ቀረ። ሐኪምስ ደረት የሚያዳምጠው በጆሮው አይደለም?

የቶርኖ ልጅ፦
አዳምጦ መድኃኒት ያዝዛል እንጂ አዳምጦ ልብ አይገዛም።

ባለ ላዳ፦
ይህንንስ በጆሮዬ ሰማሁት።

አዲሱ ገበያ ነዋሪ፦
ሁላችሁም ጊዜው ያለፈበት ነገር ላይ ናችሁ። ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ተብሏል። ኤሌክትሪክ ግዙና ተገላገሉ።

ባለ ዲኤክስ (ፒያሳ)፦
ወንድሜ፣ ለግማሽ ሊትር ዘይት የማስብ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና እንድገዛ ትመክረኛለህ? የማይገባ ከሆነማ ያለንን መጠገን አይሻልም?

የካዛንቺሱ፦
በምን ትጠግነዋለህ? ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጥቷል። ፒስተኑም፣ ፋሻውም፣ ብሮንዚናውም በዶላር ነው የሚመጣው። ሞተር ከተከፈተ በኋላ ደግሞ «ይህም ይቀየር፣ ያም ይቀየር» ማለት ይመጣል፤ ሂሳቡን የሚያውቀው መካኒኩ ብቻ ነው።

የቶርኖ ልጅ፦
ያንተ የዱባይ ሞተርስ በምን መጣ? በአህያ?

ባለ ዲኤክስ (ፒያሳ)፦
ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ። መለኪያውን ራሳቸው አዋሱኝ። ጢሱ የሚወጣው ቁልቁል ወርጄ ስረግጥ ነው፤ ዳገት ላይ የለም። ግፊቱ 9፣ 9፣ 6፣ 9 ሆነ። ሦስተኛው ውስጥ ዘይት ጨምረን ደገምን፤ 6 ላይ ቀረ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ቫልቭ ተቃጥሎብሃል ወይም ጓርኒሲዮኑ አሳልፏል። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ብቻ አውርድ። አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት አጣሞት እንደሆነ ቀጥ ያለ ብረት አስተኝተህ እይ፤ ቫልቮቹን አስፈጭ፣ ጎማዎቹን ቀይር። ታችኛውን አትንካ።

የካዛንቺሱ፦
ይኸው ተጀመረ! ላዩ ሲታደስ ግፊቱ ይጨምርና አርባ ዓመት የሠራውን ታችኛውን ፋሻ ይጨርሰዋል። ዛሬ ቴስታታ፣ ፋሲካ ላይ ፒስተን፣ በሚቀጥለው መስከረም ሶማሌ ተራ እንገናኛለን።

የቶርኖ ልጅ፦
ሦስቱ 9 እያሉ ስለ የትኛው ፋሻ ነው የምታወራው?

የካዛንቺሱ፦
9 በመለኪያ ነው። ድምፁን ሰምታችሁታል?

የቶርኖ ልጅ፦
እንደገና ጆሮ!

ወይዘሮ ቮልስ፦
ቮልስ ቢሆን እስካሁን ወርዶ፣ ተሠርቶ፣ ተመልሶ ነበር።

ባለ ላዳ፦
እትዬ፣ ስለ ቮልስ የጠየቀዎት የለም።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ባለ ዲኤክስ፣ መለኪያዬን እስከ ማክሰኞ መልስልኝ። ለባለ ላዳ ቃል ገብቼበታለሁ።