በ61 ዓመት አዲስ ቤተ ክርስቲያን መትከል፦ ጥሪ ነው ወይስ የጡረታ ሥራ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከራሳችን ሰው ነው። ጋሼ 61 ዓመታቸው ነው፣ ሜሪላንድ ይኖራሉ። በአንድ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ለ20 ዓመት ሽማግሌ ሆነው አገልግለዋል። አሁን «አዲስ ቤተ ክርስቲያን የመትከል ሸክም አለኝ» ይላሉ። ይጀምሩ ወይስ ይቅርባቸው? የማንንም ቤተ ክርስቲያን ስም መጥራት አይቻልም።

የቨርጂኒያው፦ ይቅርባቸው። ዲሲ ዙሪያ የሐበሻ ቸርች መቼ አነሰን? እሁድ ከሰዓት የፈረንጅ አዳራሽ ተከራይቶ፣ አንድ ኪቦርድና ሁለት ዘማሪ ይዞ የሚጀምረው ብዙ ነው። ግማሹን የወለደው ኩርፊያ ነው።

እህት ከአዳማ፦ ወንድሜ፣ በ30 ዓመቱም የሚያኮርፍ አለ እኮ! ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበር። ካሌብ ተራራማውን አገር ስጠኝ ሲል 85።

የቨርጂኒያው፦ ካሌብ የአዳራሽ ኪራይ አልከፈለም።

ሞክሬ ያየሁት፦ እኔ በ58 ዓመቴ ጀምሬ ነበር፣ ልናገር። ሳሎናችን ውስጥ 11 ሆነን ጀመርን። ባለቤቴ ቡና ታፈላ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። ወረቀቱ አላስቸገረኝም። አሜሪካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ ለመሆን ማመልከት እንኳ አይጠበቅባትም፤ ለባንክ ሒሳቡ ግን የቀጣሪ መለያ ቁጥር አውጥተናል። የከበደኝ ሌላው ነው። ወንበር የምደረድር እኔ፣ እናቶችን በመኪና የማመላልስ እኔ፣ የምሰብክ እኔ። የሌሊት ሥራ ነበረኝ፣ ስብከት የማዘጋጀው በእረፍት ሰዓት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። በአራተኛው ዓመት ሆስፒታል ገባሁ። ቁልፉም፣ የባንኩ ፊርማም፣ የዙሙ ፓስዎርድም እኔ ጋ ነበር። ሦስት እሁድ የሚሰብክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተበተነ። ጉልበቴንማ አውቀዋለሁ፣ ለሌላ ሰው አለማካፈሌ ነው የሚቆጨኝ።

እህት ከአዳማ፦ አይዞዎት። እኔ ግን ወላይታን አስባለሁ። የውጭ ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ የተጠመቁት ምዕመናን 48 ያህል ነበሩ። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው አገኟቸው። ያን ሁሉ ያደረገው በሴሚናሪ ያለፈ ወጣት ፓስተር አልነበረም።

የቨርጂኒያው፦ እሱን አልክድም። ግን እነሱ ወንጌል ያልሰማ ሰው ጋ ነው የሄዱት። ጋሼ ማን ጋ ሊሄዱ ነው? ከሌላ አጥቢያ ምዕመን ወስዶ «ተከልኩ» ማለት እኮ መትከል አይባልም።

የሲያትሉ ልጅ፦ ይቅርታ፣ እኔ 24 ዓመቴ ነው። አማርኛ እሰማለሁ፣ ስብከቱ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ጋሼ ለራሳቸው እኩዮች ከሆነ የሚተክሉት፣ ከ15 ዓመት በኋላ ማን ይቀመጥበታል?

ሞክሬ ያየሁት፦ ልክ ነህ። የእኔም ልጆች የሚሄዱት እንግሊዝኛ ቸርች ነው።

እህት ከአዳማ፦ አረጋውያንስ ነፍስ የላቸውም? የልጅ ልጅ ሊጠብቁ መጥተው ቤት የተዘጋባቸው እናቶች እዚያ ሞልተዋል አሉ። ለእነሱ የ61 ዓመት ሰው ከ25 ዓመቱ ልጅ ይሻላል።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። ያሰብኩት እነዚያን እናቶች ነው፣ ሐሙስ ጠዋት አፓርትማቸው ድረስ እየሄድኩ። ስለ ካሌብ ላልሽው ልጄ ተባረኪ፣ ጉልበቴ ግን እንደ ካሌብ አይደለም።

የቨርጂኒያው፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ባርናባስንና ሳውልን የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ናት እጇን ጭና የላከቻቸው። እርስዎ ሽማግሌዎቹን አነጋግረዋል?

ጋሼ፦ ገና ነኝ።

ሞክሬ ያየሁት፦ እኔም አላነጋገርኩም ነበር።

አወያይ፦ ጋሼ፣ መቼ ያነጋግሯቸዋል?

ጋሼ፦ ቅዳሜ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ። እንግዲህ እሄዳለሁ።