ውጫሌንና ዋይታንጊን አንድ ላይ ማስተማር ይሆናል?

የዜግነት መምህር፦ ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ አካባቢ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ካናዳ ያለችው የእህቴ ልጅ፣ መንግሥት ከነባር ሕዝቦች ጋር የገባውን ውል በክፍል እንደሚማሩ ነገረችኝ። እኔም ለተማሪዎቼ ላምጣው አልኩ፤ ግን "እኛን ምን አገባን?" ማለታቸው አይቀርም። ከየት ልጀምር?

የፒያሳ ልጅ፦ ከውጫሌ ነዋ! 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። አማርኛው "ይቻላቸዋል" ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚያ የኒውዚላንዱን የዋይታንጊ ውል አምጣ፣ በፈረንጅ 1840። እንግሊዝኛው የአገሩ ነባር ሕዝብ ማኦሪዎች ሉዓላዊነታቸውን ለእንግሊዝ አሳልፈው ሰጡ ይላል፤ የማኦሪኛው ግን "ካዋናታንጋ" ነው የሚለው፣ ማስተዳደር እንደማለት። ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸውና ዝም በል፤ ክፍሉ ራሱ ይጮሃል።

ጡረተኛ መምህር፦ ጥሩ ነው ልጄ፣ ልዩነቱን ግን እንዳትዘለው። ውጫሌ ከአድዋ ድል በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ በተፈረመው ውል ተሰረዘ። የኒውዚላንድና የካናዳ ውሎች ግን ዛሬም ይሠራሉ። ካናዳ ከነባር ሕዝቦች ጋር በገባቻቸውና በቁጥር በሚጠሩት ውሎች፣ በብዙዎቹ መሠረት፣ ለአንድ የነባር ሕዝብ አባል በዓመት 5 ዶላር አሁንም ትከፍላለች። አምስት! አንድ ማኪያቶ ቢገዛ ነው።

የዜግነት መምህር፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በ5 ዶላሯ ነው የምጀምረው።