ጎንደር፦ ታሳሪ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ቢደበደብ ቤተሰብ ከምን ይጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተደብድቦ ሦስት ቀን ፍርድ ቤት ላልቀረበ ሰው ምን ይደረጋል?

መልስ 1፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ይቅረብ ይላል፤ ከዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተማው ውስጥ ለታሰረ ሰው መንገድ ምን ሰበብ ይሆናል? አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠየቅበት) ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አስገቡ፤ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 177። ታሳሪው ራሱ ካልቻለ ዘመድ በቃለ መሐላ ያቀርባል።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ ሰንበሩ ሳይጠፋ ፍጠኑ! ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ችሎት ሲቀርብ ጉዳቱን ለዳኛው ያሳይ፤ «መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ፣ ለምርመራ ሆስፒታል ልላክ» ይበል። ስንቅ የሚያመላልሰው ሰው ደም የነካ ሸሚዝ ከተቀበለ እንዳያጥበው፤ ማስረጃ ነው።

መልስ 3፦ ደብዳቢው ፖሊስ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 424 ይጠየቃል። ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂው ላይ ቀንና የገቢ ማህተም አስመቱ። በቃል ብቻ የቀረበ አቤቱታ ይካዳል።